አቧራ የበላው ሞተር፦ የአንድ ባለሁለት ጎማ ትራክተር እድሳት፣ አዘዞ

ማሽኑ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ነው፤ ከኋላው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚቆፍር ሮታቬተር (በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚያለሰልስ) ተገጥሞለታል። ሞተሩ ኤስ195 የሚባለው ዓይነት ነው። አንድ ሲሊንደር አለው፣ በአግድም የተኛ፣ በውሃ ትነት የሚቀዘቅዝ። የካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ሽፋን) ውስጥ ስፋት 95 ሚሜ፣ የፒስተኑ ጉዞ 115 ሚሜ፣ ይዘቱ 815 ሲሲ ሲሆን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ነው። በቻይና ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ንድፍ ስለሚሠሩት መለዋወጫው አይጠፋም፤ የሚያስቸግረው ደህናውን ከተራው መለየት ነው።

የመጣው ከደምቢያ ነው። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት መሬት ሲያለሰልስ፣ በበጋ ውሃ ሲስብ፣ በገበያ ቀን ተጎታች ሲጎትት ከርሟል። ጠዋት በማኖቬላ (በእጅ በሚዞረው ማስነሻ ብረት) አልነሳ ይላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል።

ሚያዝያ 24

ምንም ሳይፈታ የተደረገ ምርመራ። የመጀመሪያው ቮላኖውን (ከባዱን መዞሪያ ጎማ) የእምቅታ መልቀቂያውን ማንሻ ሳይነኩ ቀስ ብሎ በእጅ ማዞር ነው። ደህና ሞተር ፒስተኑ ወደ ጫፍ ሲደርስ እንደ ሞላ መልሶ ይገፋል። ይሄኛው «እስስስ» እያለ ያለ ችግር አለፈ። ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ጆሮን ወደ ሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ማስጠጋት ይበቃል፤ እዚያ ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና ካሚቻ፣ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ወይም በአየር መግቢያ ከሆነ ቫልቭ ነው። እዚህ ዋናው ከመተንፈሻው ነበር፣ በአየር መግቢያ በኩልም ትንሽ ይሰማል።

ለማረጋገጥ ኢንጀክተሩ ወጥቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ገባ። ሁለት ነገር ልብ ይባል። ሲሊንደሩ የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ከታች ግማሹ ላይ ይቀመጣል፤ ኢንጀክተሩ ወጥቶ እያለ ቮላኖው አሥር ጊዜ ያህል ካልዞረ ውጤቱ ያሳስታል። ሁለተኛ፣ የኤስ195 እምቅታ 20 ለ 1 ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 43 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። «ትንሽ ልጨምርበት» ተብሎ የቡና ስኒ ዘይት ከተገለበጠበት፣ ዘይት አይታመቅምና ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያዘው ክንድ) ይጎብጣል። በዘይቱ እምቅታው በግልጽ ጠነከረ፤ ጥፋቱ ፋሻና ካሚቻ ላይ ነው።

ግን ካሚቻን የሚበላ ነገር አለ፤ እሱ ሳይገኝ ሞተር አይከፈትም። የአየር ማጣሪያው ከታች የዘይት ገንዳ ያለው ዓይነት ነው። ገንዳው ውስጥ ዘይት አልነበረም፤ ደረቅ ጭቃ ነበር። ማጣሪያውን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) የሚያገናኘው ላስቲክ ደግሞ ከክላምፑ ሥር ዙሪያውን ተሰንጥቋል። በነጭ ጨርቅ የመግቢያውን ቱቦ ውስጥ ሲጠርጉት የደምቢያን አፈር ይዞ ወጣ። ማጣሪያው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ እንኳ አየሩ በስንጥቁ ይገባ ነበር፤ በበጋ አቧራ ላይ እንዲህ ሆኖ የሠራ ሞተር በጥቂት ወራት ያልቃል።

ሚያዝያ 25

ውሃና ዘይት ተደፋ። የዘይቱ መድፊያ ብሎን ሲወጣ ዘይቱን በጨርቅ አጣርቶ ማየት ጥሩ ነው፤ የብሮንዚና (የክራንኩ አንገት የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ቅርፊት አልተገኘም፣ በጣት ሲታሽ የሚሻክር ነገር ግን ነበረው።

የመፍታት ቅደም ተከተል፦ የናፍጣ ቱቦዎች (አፋቸው ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ይታሠር)፣ ማርሚታ፣ የቫልቭ ክዳን፣ ቴስታታ፣ ከዚያ የኋላ ክዳን። በኋላ ክዳኑ በኩል የቢየላው ብሎኖች ይገኛሉ። ቢየላውና ኮፍያው ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ወገን መሆኑ ሳይታይና በነጥብ መምቻ ምልክት ሳይደረግ አይፈታም። ፒስተኑ የሚወጣው በቴስታታ በኩል ነው፤ ከመገፋቱ በፊት ካሚቻው አፍ ላይ የተጋገረው ካርቦን ካልተፋቀ ፋሻው እዚያ ይያዝና የፒስተኑን ቦይ ይሰብራል።

ልኬት በሚሜ፦

ካሚቻ፣ የላይኛው ፋሻ በሚመለስበት ቦታ፦ በጎን ግፊት አቅጣጫ 95.42፣ በሌላው አቅጣጫ 95.28።
ካሚቻ፣ ታች ፋሻ በማይደርስበት፦ 95.06።
የላይኛው ፋሻ ክፍተት፣ ፋሻው ላይኛው ቦታ ላይ ሲቀመጥ 1.68፣ ታች ሲቀመጥ 0.77።
የቢየላው የክራንክ አንገት፦ ክብነቱ በ0.02 ውስጥ።

የፋሻው ቁጥር የካሚቻውን ታሪክ ይናገራል። የካሚቻ ስፋት 0.10 ሲጨምር የፋሻ ክፍተት 0.31 ይጨምራል፤ ክብ ስለሆነ በፓይ ይባዛል። ላይኛው በአማካይ 95.35 ስለሆነ በላይና በታች መካከል ያለው 0.29 የስፋት ልዩነት 0.91 የክፍተት ልዩነት ሰጠ፤ ካሊበር በሌለበት ጋራዥ አንድ ፋሻና ባለቅጠል መለኪያ ካሚቻን ለመፍረድ ይበቃሉ ማለት ነው። አዲስ ፋሻ ብቻ ገዝቶ መክተት እዚህ ላይ ገንዘብ መጣል ነው፦ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ በሆነ ካሚቻ ውስጥ ፋሻው በየዙሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፣ ቶሎም ይሰበራል። ካሚቻ፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ስፒኖቶ (ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያዘው ፒን)፣ ብሮንዚና በሙሉ ታዘዘ። አንገቱ ክብ ስለሆነ ብሮንዚናው መደበኛ ቁጥር ነው፤ ቶርኖ ቤት መሄድ አላስፈለገም።

ሚያዝያ 26

ቫልቮቹ በላምባ ተፈተኑ። ቴስታታው ተገልብጦ በመግቢያና በመውጫ ቀዳዳው ላምባ ተሞላ፤ የመውጫው ያዘ፣ የመግቢያው በሁለት ደቂቃ አነባ። በመፍጫ ቅባት ተፈጨ፦ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው፣ ዙሪያውን ያልተቋረጠ 1.5 ሚሜ ገደማ ግራጫ ቀለበት እስኪታይ። ግራጫው ቀለበት ከሰፋ ቫልቩ መቀመጫውን የሚጫንበት ኃይል ይሳሳል፣ በደንብም አይዘጋም፤ መፍጨት ሲበዛ ጥሩ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም።

የውሃ ገንዳው ውስጥ ከካሚቻው ውጭ በኩል የተጋገረ ነጭ ቅርፊት አለ፣ አንዳንድ ቦታ 3 ሚሜ። በሚፈላ ውሃ የሚሠራ ሞተር ውሃው ሲተን ጨዉን ትቶ ይሄዳልና ይህ የሚጠበቅ ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ ተበጥብጦ ለአራት ሰዓት ተቀመጠ፤ ከዚያ ሁለቴ በንጹሕ ውሃ ታጠበ። አሲዱን ሌሊቱን ሙሉ መተው ብረቱን ይበላል። ለወደፊቱ የዝናብ ውሃ ቢሰበሰብለት ቅርፊቱ በብዙ ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ፣ ጎንደር ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተሩ «ፈላ» ብሎ የሚደነግጥ አንቀሳቃሽ ብዙ ነው፤ ይህ ዓይነት ግን ሥራው መፍላት ነው። የሚያስደነግጠው የውሃውን ልክ የምታሳየው ቀይዋ ተንሳፋፊ ስትወርድ ነው።

ሚያዝያ 30

አዲሱ ካሚቻ ገባ። ጎማ ቀለበቶቹ መጠምዘዛቸው ዋናው አደጋ ነው፤ የተጠማዘዘ ቀለበት ውሃውን ወደ ዘይቱ ያሳልፍና ዘይቱ ወተት ይመስላል። ቀለበቱ በቦዩ ከገባ በኋላ በክብ እርሳስ ዙሪያውን ሥር ለሥር ማዞር ጠመዝማዛውን ያፍታታዋል። ቅባቱ የሳሙና ውሃ ነው፤ ግሪስ አይደለም። ካሚቻው በእጅ ግፊትና በእንጨት ላይ በሚመታ ቀላል መዶሻ መግባት አለበት፤ ጠንክሮ ካስቸገረ ይወጣና ቦዩ እንደገና ይጸዳል።

የካሚቻው ከንፈር ከብሎኩ ፊት በትንሹ መውጣት አለበት፣ ጓርኒሲዮኑን (የቴስታታውን ማሸጊያ) የሚጨብጠው እሱ ነውና። በአራት ቦታ ተለካ፦ 0.09፣ 0.10፣ 0.10፣ 0.09። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ከተራራቀ ከሥሩ ቆሻሻ አለ። ከብሎኩ ፊት ዝቅ ካለ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በወሩ ይቃጠላል።

ከዚያ ፒስተን ሳይገባ የውሃ ገንዳው እስከ አፉ ተሞላ፤ ከታች በክራንኩ ቤት ደረቅ ጋዜጣ ተነጠፈ። ነገ ግንቦት 1 ልደታ ናት፣ ሥራ የለም፤ ውሃው ሁለት ሌሊት ያድራል። ይህን ፈተና መዝለል የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ወተት ዘይት ሲታይ ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይፈታል።

ግንቦት 2

ጋዜጣው ደረቅ ነው።

ፒስተኑ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ሞቀ፤ 93 ዲግሪ ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ስፒኖቶው በአውራ ጣት ገባ። በቀዝቃዛ ፒስተን ስፒኖቶን በመዶሻ ማስገባት ፒስተኑን ያሞላልለዋል። የፒስተኑ ጭንቅላት ላይ ያለው ጎድጓዳ በቴስታታው ውስጥ ካለው የእሳት ማዞሪያ ክፍል አፍ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ተገልብጦ ቢገባም ሞተሩ ይነሳል፤ ነገር ግን ጥቁር ጭስ አይለቀውም፣ ጥፋቱም ሁልጊዜ በኢንጀክተር ይሳበባል። የአሮጌው አቅጣጫ ሲፈታ በቀለም ምልክት የተደረገው ለዚህ ነበር።

የአዲሶቹ ፋሻዎች ክፍተት 0.35፣ 0.35፣ 0.30። ጽሑፍ ያለበት ጎናቸው ወደ ቴስታታ። ክፍተቶቹ በዙሪያው ተራራቁ፤ ዘይት በሚተኛበት በታችኛው ጎን አንድም አልተደረገም።

ቴስታታው በመስቀል ቅደም ተከተል በሦስት ዙር በቶርክ ቁልፍ ጠበቀ። የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር፦ መግቢያ 0.35፣ መውጫ 0.45። የመውጫው የሚበልጠው ስለሚሞቅና ስለሚረዝም ነው፤ የመውጫውን ከመግቢያው ጋር እኩል ማጥበብ ቫልቩን ሊያቃጥል ይችላል።

ግንቦት 4

ናፍጣ። ኢንጀክተሩ ከተማ ፖምፓ ቤት (የናፍጣ ፓምፕ መጠገኛ) ተፈተነ። መክፈት የነበረበት ከ125 እስከ 130 ባር ሲሆን 95 ላይ ተከፈተ፤ ከተከፈተም በኋላ ያንጠባጥባል። አፉ ተቀየረ፣ ሞላው 128 ላይ ተስተካከለ። ከኢንጀክተሩ ሥር የምትገባው የመዳብ ሮንዴላ አንድ ብቻ ናት። ሲፈታ ሁለት ተደራርበው ተገኙ፤ አሮጌዋ ሳትወጣ አዲስ ተጨምሮባት ነበር። ያን ጊዜ ኢንጀክተሩ ወደ ውጭ ይርቅና ርጭቱ ቦታውን ይስታል።

የናፍጣ መርጫ ሰዓት፦ ቱቦው ከፖምፓው ላይ ወጣ፣ ቮላኖው ቀስ ብሎ ዞረ፣ በፖምፓው አፍ ያለው ናፍጣ ልክ ሲንቀሳቀስ ቆመ። ደንቡ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቀድሞ ነው። የቮላኖው ምልክት በዝገት ጠፍቶ ስለነበር ዙሪያው በሜትር ተለካ፦ 1290 ሚሜ። ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 3.58 ሚሜ ነው። የጫፉ ነጥብ ከተገኘ በኋላ ርቀቱ 43 ሚሜ ሆነ፣ 12 ዲግሪ፤ ዘግይቷል። ከፖምፓው ሥር ካሉት ሽሞች (ስስ የብረት ቅጠሎች) ሁለቱ ወጡ፤ ሽም ሲወጣ ሰዓቱ ይቀድማል፣ ሲጨመር ይዘገያል። አሁን 68 ሚሜ፣ 19 ዲግሪ። ከደንቡ ወደ ላይኛው ጫፍ መጠጋቱ ሆን ተብሎ ነው፤ አየር በሳሳበት ከፍታ ናፍጣው ለመቀጣጠል ይዘገያል።

ሰዓቱ የቀደመ ሞተር በማኖቬላ ሲነሳ ሊመልስ ይችላል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፣ ማኖቬላውን አይክበብ።

ግንቦት 5

አየር ማጣሪያ፣ ከሞተሩ በፊት። ላስቲኩ በአዲስ ተተካ፣ በሁለቱም ጫፍ ክላምፕ። ገንዳው እስከ ምልክቱ ንጹሕ ዘይት ተሞላ፤ ከምልክቱ በላይ ከሞላ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። በላዩ ላይ 50 ሚሜ ስፋትና 60 ሴሜ ቁመት ያለው የብረት ቱቦ ተበይዶ የአየር መሳቢያው ከሮታቬተሩ አቧራ በላይ ወጣ። ቱቦው ከመግቢያው መጥበብ የለበትም፤ ከጠበበ ሞተሩ ይታነቃል።

ሞተሩ በሦስተኛው ዙር ተነሳ። የዘይቱ ቀይ ምልክት ወዲያው ወጣ፤ ባትወጣ ኖሮ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ ሊዘለል የማይገባው ፈተና፦ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የአየር መሳቢያው አፍ ጎማ በተለበጠ ጣውላ ይደፈናል። በእጅ መዳፍ አይሁን፣ ይስባል። ሞተሩ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ካልጠፋ አየር በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው። መጀመሪያ አልጠፋም! እያንኮራፋ ቀጠለ። በላስቲኩ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ሲቀባ አረፋው ከቴስታታው በኩል ያለው ክላምፕ ሥር ተሳበ፤ ቱቦው ላይ የድሮ ላስቲክ ቅሪት ተጣብቆ ነበር። ተፋቀ፣ ጠበቀ፣ ሁለተኛው ፈተና ላይ ወዲያው ጠፋ። ጣውላዋ ከማሽኑ ጋር ትሂድ፤ ያረጀ ሞተር የራሱን ዘይት እየጠጣ አልጠፋ ሲል የሚያቆመው እሷ ነች።

30 ደቂቃ ያለ ጭነት፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ቴስታታውና የቫልቭ ክፍተቱ እንደገና ታየ፤ የመግቢያው 0.30 ሆኖ ተገኘና ወደ 0.35 ተመለሰ። ዘይቱ ተደፍቶ በአዲስ 15/40 ተተካ።

ባለቤቱ ጉልበቱ 12 እንዲሞላለት የናፍጣ ብሎኑ እንዲለቀቅለት ጠይቀው ነበር። አልተነካም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩ 9.5 ወይም 10 ቢሰጥ ሙሉ ነው። ናፍጣ ቢጨመርለት የሚያቃጥለው አየር የለም፤ ትርፉ ጥቁር ጭስና ከካሚቻው ላይ ዘይቱን የሚያጥብ ጥሬ ናፍጣ ነው።

ግንቦት 9

የሮታቬተሩ ቢላዎች። ከ16ቱ ሰባቱ ወደ ግማሽ አልቀዋል፣ ሁለቱ የሉም። ገበያ ላይ ያለው ስስ ስለሆነ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ እንዲሠሩ ተወሰነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውሃ ተነከሩ፤ አንዱ መዶሻ ሲነካው እንደ ሸክላ ተሰበረ። ባሌስትራ የዘይት ብረት ነው። ቅደም ተከተሉ፦ ቀይ እስኪሆን አሙቆ ማጎበጥ፤ እንደገና ማሞቅ፣ ማግኔት መያዝ ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨምሮ፤ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ መንከር፤ ከዚያ አንዱን ጎን በመሳያ ድንጋይ አጽድቶ ከወፍራሙ ወገን በዝግታ ማሞቅ፣ ቀለሙ ከቢጫ በቡናማና በሐምራዊ አልፎ ሰማያዊው ወደ ግራጫ ሲያደላ ማቆም። ቢጫ ላይ ከቆመ ስለታም ይሆናል፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ግን ይሰበራል። ማጎበጡ ላይ የአዘዞ ቀጥቃጮች እጅ ከማሽን ይበልጣል፤ ማስቸገሩ ክብደቱ ላይ ነበር። ሁሉም ተመዝነው በ20 ግራም ልዩነት ውስጥ እስኪገቡ ተሞረዱ፤ አለበለዚያ እርፉ አንቀሳቃሹን ክንዱን ያደነዝዘዋል።

አገጣጠም፦ የግራና የቀኝ ቢላ አለ። ሁሉም አፋቸው ወደ ውስጥ ከሆነ መሬቱ መካከል ላይ ጉብታ ይሠራል፣ ወደ ውጭ ከሆነ ቦይ ይቀራል፣ ተቀያይጠው ሲገጠሙ ሜዳ ይወጣል። ለሽንኩርት መደብ ተቀያይጠው ተገጠሙ።

ቺንጋዎቹ (የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፉት ቀበቶዎች) ሦስቱም ተቀየሩ። አንዱ ብቻ ከተቀየረ አዲሱ ለብቻው ይጎትትና ያልቃል።

ሰኔ 6

ደምቢያ፣ ዋልካ መሬት ላይ። ከዝናቡ ሦስት ቀን በኋላ። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ኳስ ሆኖ ከጉልበት ከፍታ ሲወድቅ የሚፈርስ ከሆነ ጊዜው ነው። ካልተጨበጠ ማሽኑ ይዘላል፣ ቢላውም ይሰበራል፤ ሲወድቅ ጠፍጥፎ ከቀረ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ጠዋት የታችኛው ጥግ ጠፍጥፏል፣ ላይኛው ፈርሷል፤ ሥራው ከላይ ተጀመረ።

ጥልቀት 10 ሴሜ በመጀመሪያው ዙር፣ 14 በሁለተኛው። በአንድ ዙር 14 ሲሞከር ሞተሩ ተጨነቀ፤ ያ ከላይ የተባለው የከፍታ ነገር ነው። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር፣ በ60 ሴሜ ስፋት፣ መታጠፊያው ሲቀነስ በሰዓት 900 ካሬ ሜትር ገደማ፤ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) አንድ ዙር ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ጭሱ መጀመሪያ ላይ ነጣ ያለ፣ ከሞቀ በኋላ የማይታይ።

ሰኔ 15

ከ22 የሥራ ሰዓት በኋላ ታየ። የሞተር ዘይት ከምልክቱ ጥቂት ብቻ ወርዷል። ጋዙ በመተንፈሻው አይሰማም፣ ቮላኖው በእጅ ሲገፋ መልሶ ይመታል። የአየር ማጣሪያው ገንዳ ሲደፋ 5 ሚሜ ጭቃ ከሥሩ ወጣ፤ ዝናብ ገብቶ አቧራው ቀንሶ እንኳ ይህን ያህል ነው። በበጋ በየ8 ሰዓቱ፣ በክረምት በየ25 ሰዓቱ እንዲደፋ ለአንቀሳቃሹ ተነግሯል፤ ገንዳው ላይም በቀይ ቀለም ተጽፏል።

የቀረ ሥራ፦ ከካምቢዮው በቀኝ ጎማ ዘንግ በኩል ዘይት ያንጠባጥባል። የዘይት ማገጃው ላስቲክ (ሲል) ተቀይሮ ነበር፤ ዘንጉ ላይ የተቆፈረ መስመር ስላለ አዲሱም አልያዘም። ሲሉ ከመስመሩ 2 ሚሜ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ቀለበት ይቆረጥለታል፤ ካልሆነ ዘንጉ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። እስከዚያ የካምቢዮ ዘይት በየሳምንቱ ይታይ።